ገደሉ ባሕር፣ መልካው ወደብ፦ የምዕራብ ወሎ የእግር መንገዶች ታሪክ



የባሕር ጠረፍ ያላቸው ሕዝቦች ታሪካቸውን ሲተርኩ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከውሃው ዳር ነው። ዓሣ አስጋሪዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ መንደሮች በባሕሩ ጫፍ ተደርድረው ይገኛሉ። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የሚወስደው የእግር መንገድም የውሃውን ዳር ይዞ ይሄዳል። በዚያ ቀጭን መንገድ የተመላለሰው ዓሣና ጨው ብቻ አይደለም። ወሬም፣ ጋብቻም፣ ዕውቀትም፣ ሃይማኖትም በዚያው ተመላልሷል። ቤተ መንግሥቱ ባይኖር እንኳ መንገዱ ስለነበረ ታሪክ ነበረ።

እኛስ? በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በወግዲ የሚኖረው ወገናችን ባሕር የለውም። ታሪካችን ሲጻፍም የሚወሳው የንጉሡና የራሱ ስም፣ ጦርነቱና ድሉ ነው። የተራው ሰው ታሪክ ታዲያ በየት በኩል ሄደ? ይህ ጽሑፍ አንባቢን ይዞ የሚጓዘው ይህን ጥያቄ እያነሳ ነው። መልሱን ባጭሩ ለማስቀደም፣ የተራው ሰው ታሪክ በእግር ሄደ። መንገዱም ከሞላ ጎደል እስካሁን አለ።

በሦስት በኩል የተከበበ ምድር

ካርታ ዘርግቶ የቦረናንና የሳይንትን ምድር የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በምዕራብ የዐባይ ሸለቆ፣ በሰሜን የበሽሎ ሸለቆ፣ በደቡብ የወለቃ ሸለቆ ይህን ደጋ በሦስት በኩል ቆርጠውታል። ወደ ቀሪው የወሎ ደጋ የሚያገናኘው በምሥራቅ በኩል ያለው ትከሻ ነው። በሦስት በኩል በውሃ የተከበበን ምድር ጂኦግራፊ ባሕረ ገብ መሬት ይለዋል። የቦረና ደጋም፣ ከባሕር እጅግ የራቀ ቢሆንም፣ በአቀማመጡ ይህንኑ ይመስላል።

ወደ 4,000 ሜትር ከሚጠጋው ከአምባ ፈሪት ከፍታ ተነስቶ ወደ ዐባይ የሚወርድ መንገደኛ ውርጩን፣ ደጋውን፣ ወይና ደጋውን፣ ቆላውን በተከታታይ ያልፋል። ላይ ገብስ ያያል። መካከል ላይ ስንዴና ጤፍ፣ ታች ማሽላ ያገኛል። በላይኛው በኩል ያለው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሆኖ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳ ዝንጀሮን ያስጠልላል። መንደሮቹ ደግሞ በአፋፉ ላይ አለፍ አለፍ ብለው ተቀምጠዋል። በመንደርና በመንደር መካከል የሚሄደው የእግር መንገድ የገደሉን ጫፍ ይዞ ይዞራል። መውረጃ በር ሲያገኝ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ወንዙ ዘንድ መልካ ላይ ይደርሳል።

መልካ የወደብ ያህል ነው። ወንዝ ሰፋ ብሎ ረጋ የሚልበት፣ ሰውና ከብት የሚሻገርበት ቦታ ሁሉ መልካ አይሆንም። የጠለቀውንና የተሳሳተውን የሚለይ ሰው ያስፈልገዋል። በበጋ መንገደኞች ዳር ላይ ተጠራቅመው ይጠባበቃሉ። ውሃውን የሚያውቀው ጎበዝ ዱላውን እየተከለ ይቀድማል፣ ሌሎቹ ተያይዘው ይከተሉታል። ውሃው ከፍ ሲል ዕቃውን በተነፋ ስልቻ ላይ አድርጎ የሚዋኝም ነበር። ክረምት ሲገባ ግን መልካው ይዘጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ማዶ ያለ ዘመድ ቢታመም አይጠየቅም፣ ቢሞት ለቅሶው አይደረስም። ጥንት የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች የነፋሱን ወቅት ጠብቀው እንደሚጓዙ ሁሉ፣ የእኛ መንገደኛም የዐባይንና የበሽሎን ወቅት ጠብቆ ነበር የሚነሳው።

ይኸው ዐባይ ከላይ፣ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ሌላ መልክ አለው። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። በደንገል ታንኳ ዓሣ በማስገር፣ ቀደም ባለው ዘመንም ጉማሬ በማደን ይታወቃሉ። መንደሮቻቸው የውሃውን ዳር ይዘው የተቀመጡ ናቸው። አንድ ወንዝ ላይኛውን ወገኑን በታንኳ አስተሳስሮ ታችኛውን በገደል ለያይቷል። ሆኖም ገደሉም ቢሆን ሰውን ከመመላለስ አላገደውም።

የቦታ ስም የሚናገረው

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ምድር የሚጓዝ ሰው ገና መጽሐፍ ሳይገልጥ ታሪክ ያነባል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ይህ አገር ቤተ አምሐራ ከሚባለው ክፍል ውስጥ ነበር። ቀጥሎ የኦሮሞ ጎሳዎች መጥተው ሰፈሩ። ቦረና የሚለው ስም ራሱ የእነርሱ ነው። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። «ወረ» ደግሞ የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን እንደማለት ነው። ለገ ጎራ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ የሚሉት ስሞች በዚህ መንገድ መጡ። በእነዚህ ላይ የዐረብኛ የሰው ስሞች፣ የመስጊድና የመቃብር ስሞች ተጨመሩ። አምሐራ ሳይንት የሚለው ደግሞ የጥንቱን ስም ይዞ ቀረ።

ስለዚህ አንድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ የሦስት ዘመን ስም ይረግጣል። አንዱ ሌላውን ፍቆ አላጠፋውም። ይህ ራሱ የወሎን ሰው ጠባይ የሚገልጽ ማስረጃ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መገኘቱ፣ ለቅሶና ሠርግ መጋራቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአንድ መንገድ ሲሄዱ፣ በአንድ መልካ ሲያዝ ሲሳሳቡ የተገኘ ነው።

ሲራራው ነጋዴ

በቀድሞው ዘመን በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ባሉ አያሌ አውራጃዎች ሙስሊም የርስት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር። መሬት የተከለከለ ሰው ምን ይሠራል? ሸማ ይሠራል፣ ይነግዳል። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ የሩቅ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ የገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመከልከል የተጀመረ ሥራ በጊዜ ብዛት የሙያ ክብር ሆነ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ እንኳ መጀመሪያ የሲራራ ነጋዴዎችን ጉዞ የሚመራው ሰው መጠሪያ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዐባይ ማዶ ከእናርያና ከጅማ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በጎጃም ወደሚገኘው ወደ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያም በቤጌምድር ባለችው የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ በደሪጣ፣ በጎንደርም አድርጎ እስከ ምፅዋ ይወርዳል። ከጠረፍ በኩል ደግሞ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ይወጣል። ከአፋር ቆላ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ደጋውን ሁሉ ያዳርሳል። በምሥራቅ በኩል ከወሎ በአውሳ አልፎ ታጁራ ጠረፍ የሚያደርሰውም የታወቀ መንገድ ነበር። በዚህ የጉዞ መረብ ውስጥ የሚያሳዝነውን መደበቅ አይገባም፤ ከሸቀጡ ጋር ባሪያ ይነዳ ነበር። መንገድ መልካሙንም ክፉውንም ይሸከማልና ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ሊያነሳ ይገባዋል።

የሲራራ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላ በየበሩ ነበረ። ሽፍታም ነበረ። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ አልነበረም። አብረው ይሰፍራሉ፣ አብረው ይሰግዳሉ፣ በሐዘንም በደስታም አንዱ ለሌላው ዋስ ነው። በየሰፈሩበት ቦታ ከዛፍ ሥር ድንጋይ ደርድረው ሰጋጁ ወደ ቂብላ የሚዞርበትን ምልክት ያደርጋሉ። ይህን የመሰለ የመስገጃ ቦታ ወደፊት ለመንደርና ለመስጊድ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ለውሑን የተሸከመው ደረሳ

ከነጋዴው ኋላ፣ አንዳንዴም ከነጋዴው ጋር፣ ደረሳ ይሄድ ነበር።

በኢስላም ታሪክ ዕውቀትን ፍለጋ መጓዝ የከበረ ሥራ ነው። ሰሓባው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንዲትን ሐዲስ ከዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ) አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ መጓዙ በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የወሎ ደረሳ ይህን ፈለግ የተከተለው ግመልም ፈረስም ሳይኖረው ነው። ስንቁን በስልቻ፣ ለውሑን በብብቱ ይዞ፣ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸህ፣ ሌላውን ኪታብ ከሌላው ሸህ ይቀራል። ፊቅሁ በአንዱ ቀዬ፣ ነሕዉ በሌላው፣ ተፍሲሩ በሦስተኛው ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ግቢ የታጠረ አልነበረም። ክፍሎቹ በተራራና በተራራ ላይ ተበትነው፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለማለፍ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ ይጠይቁ ነበር።

እነዚህ የዕውቀት ማዕከሎች እነማን ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ ያረፉት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ያቆሙት ጃማ ንጉሥ አንዱ ነው። በወሎ የመውሊድን በዓል በማስፋፋት ስማቸው ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሐጂ ቡሽራ የሰማኒያን ጠሪቃ ያስፋፉበት ጌታ በቃሉ ይገኛል። በየጁ በኩል ዳና አለ፤ የዳናው ሸህ አሕመድ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። አላህ ይዘንላቸው። አብዛኞቹ በምሥራቁ የወሎ ትከሻ ላይ ናቸውና ከዐባይ አፋፍ ተነስቶ ወደ እነርሱ የሚሄድ ደረሳ ደጋውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው የሚደርሰው። ተምሮ ሲመለስ ደግሞ በቀዬው ሐሪማ ያቆማል፣ የራሱን ደረሶች ይሰበስባል። መንዙማውና በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው አማርኛ፣ ማለትም ዐጀሙ፣ ከማዕከል ወደ ማዕከል የተዛመተው በዚህ ዓይነት እግር ነው።

የአንድ ሸህ ሰነድ ሲቆጠር እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ ቀራ ይባላል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው «ከ» የምትለው ፊደል ምን ያህል መንገድ እንደያዘች አስበህ ታውቃለህ? አንድ ገደልና አንድ ወንዝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ጥበቃ በውስጧ አለ። መንገዱ ባይኖር ሰነዱ አይኖርም ነበር።

ሁለት መንገደኞች፣ ሁለት መስተንግዶ

በኢስላም መንገደኛ ተራ ሰው አይደለም። ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ ማለትም ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ነው። ሶላቱም አጥሮለታል። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሳት እንኳ ከኢማን ክፍሎች ተቆጥሯል። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ መንገድ የሚመዘነው በስፋቱ ሳይሆን መንገደኛውን እንዴት እንዳሳለፈ ነው። የወሎ ታሪክ በዚህ ሚዛን ላይ ሁለት ምሳሌዎች ይሰጠናል፤ አንዱ የሚያሳፍር፣ ሌላው የሚያኮራ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1842 የሆነ ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከአንኮበር ተነስቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ለማለፍ ጉዞ ጀመረ። የለገ ጎራው ባላባት አደራ ቢሌ በደህና ተቀበለው። ይሁንና ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በጦርነት ምክንያት ስለታወከ ክራፕፍ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ይኸው ባላባት ንብረቱን ዘርፎ አሰረው። ክራፕፍ ከተለቀቀ በኋላ ባዶ እጁን በሰሜን በኩል ተጉዞ ምፅዋ ደረሰ፣ የደረሰበትንም ጽፎ አሳተመ። ያ ባላባት ሙስሊም ነበር። እንግዳው የሌላ ሃይማኖት ሰባኪ መሆኑ የተሰጠውን አማና አያፈርስም። ያለፈው ወገናችን ስለሆነ ብቻ ጥፋቱን ልናለብሰው አይገባም።

ሁለተኛው የሆነው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በመቅደላ አምባ ከታገቱት መካከል የሸዋው ወጣት ምኒልክና የወረ ሂመኖዋ ንግሥት የወርቂት ልጅ ኢማም አመዴ ይገኙ ነበር። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ምኒልክ በሌሊት ከአምባው አምልጦ በወርቂት አገር ገባ። ቴዎድሮስም በቁጣ ኢማም አመዴን ከሌሎች የታገቱ የኦሮሞ መኳንንት ጋር አስገደለው። ልጇን ያጣች እናት ለሐዘኗ ምክንያት የሆነውን ስደተኛ ምን ታደርገው ነበር? ወርቂት ምኒልክን አሳልፋ አልሰጠችውም። በአገሯ አሳልፋ ወደ ሸዋ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ፣ የሸዋን መንግሥት መልሶ መቆም፣ የአድዋን ድል፣ የዘመናዊቱን ኢትዮጵያ ቅርጽ ስናስብ፣ አንዲት ሙስሊም እናት መንገድ መክፈቷን አብረን ልናስብ ይገባናል። የታሪክ መጻሕፍት ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ለእርሷ ግን የልጅ ዋጋ ነበር።

የኃያላን መንገድና የስደተኛ መንገድ

በዚህ ምድር ላይ በግድ የተጠረገ መንገድም ታይቷል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነስተው ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ አቋርጠው ከአምስት ወር በላይ በፈጀ ልፋት መቅደላ ገቡ። በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር በዙላ ጠረፍ ወርዶ፣ ወደ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተቃጠለ፣ እንግሊዞቹም በመጡበት ተመለሱ። ያ ሁሉ ድካም ለአንድ ጊዜ ጉዞ ነበር። በዚያው በሽሎ በባዶ እግሩ የሚሻገረው ነጋዴና ደረሳ ግን ከዚያም በኋላ መመላለሱን አላቋረጠም።

አሥር ዓመት አለፈ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቆ ራስ ሚካኤል ተባለ። እምነቱን የያዘው ሕዝብ ከፊሉ በልቡ ደብቆ ኖረ። ከፊሉ እንደ ሸህ ጦልሃ ኢብኑ ጃዕፈር ያሉትን ተከትሎ ተቃወመ። ከፊሉም ተሰደደ። ኪታብ ለመቅራት ይኬድበት የነበረው መንገድ ኪታቡን ሸሽጎ ማምለጫ ሆነ። እነዚያ ስደተኞች በሄዱበት በደቡብና በምሥራቅ አገር ሁሉ ዕውቀታቸውን ይዘው ገብተዋል። ቀደምቶቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ በስውር ወጥተው፣ ከሹዐይባ ጠረፍ በሁለት መርከብ ተሳፍረው ወደ ሐበሻ መምጣታቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ ስደት ዕውቀትን እንዴት እንደሚዘራ አይጠፋውም።

ከሁሉ የመረረው ጉዞ ግን የረሃቡ ነው። በ1965 እና 66 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ዕርዳታ ይገኝበታል ወደተባለው ዋና መንገድ ወጣ። ኮረምና ባቲ የዓለም ሕዝብ ያወቃቸው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙው ከመድረሱ በፊት በመንገድ ቀረ። በየአፋፉ ያለው ስም የለሽ መቃብርም ከታሪካችን ክፍል ነው።

መንገዱ ዝም ሳይል

ዛሬ መካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። መኪና ይገባል፣ ይወጣል። ይህ የሚያስደስት ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ገደል ለገደል የምትጓዝበት ዘመን እንዲያልፍ የማይመኝ የለም። የእግር መንገድ ይኑር ብሎ መኪናን መጥላት ሞኝነት ነው።

ነገር ግን መኪና በአፋፉ መንደሮች አይዞርም፣ አቋርጦ ያልፋል። ሰው በእግር መሄድ ሲተው መጀመሪያ የሚጠፋው የመልካው ስም ነው። ቀጥሎ የማረፊያው ዛፍ ይረሳል፣ ከዚያም የመስገጃው ድንጋይ ለአጥር ይወሰዳል። በመጨረሻ ማን ከማን እንደቀራ የሚያውቀው ሽማግሌ ይሞታል። ታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ ኢስላም የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ሊታተም የቻለው፣ በየቀዬው ያሉ ሽማግሌዎችን ስለጠየቁና በየሐሪማው የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎችን ስለመረመሩ ነው። እርሳቸው የጠየቋቸው አባቶች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ያልተጠየቁትም እያለፉ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በተለይ ወጣቱ፣ በሚቀጥለው በጋ ወደ ቀዬህ ስትገባ አንድ ደብተር ያዝ። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አስከትለህ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግርህ ሂድ። አራት ነገር ጠይቅ፦ ይህ መልካ ማን ይባላል? መንገደኛ የት ያርፍ ነበር? ሰውን የሚያሻግረው ማን ነበር? የቀዬው ሸህ ከማን ቀራ፣ ለማንስ አስቀራ? የሰማኸውን ሳታሳምር እንዳለ ጻፈው፤ የነገረህን ሰውና ቀኑን ጨምር። አንዱን ቅጂ በመስጊዱ፣ ሌላውን በትምህርት ቤቱ አስቀምጥ። ክርስቲያን ጎረቤትህንም ጠይቀው፤ በዚያው መልካ ተሻግሯልና እርሱ የሚያውቀውን አንተ ላታውቀው ትችላለህ።

አባቶቻችን ውሃውን ሳያውቁ የሚሻገረውን መንገደኛ ዳር ላይ ቆመው ይጣሩት ነበር። የዛሬው ትውልድም ያለፈውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ዘመን እየተሻገረ ነው። የሚጣራ ሰው ገና አለ፤ ድምፁ ሳይጠፋ ጆሮ እንስጠው። አላህ ያለፉትን ይማር፣ ለቀሩት ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ወላሁ አዕለም።